ዛፉን ከመጣላችሁ በፊት ጉቶውን አስቡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወንድም የባሕር ዛፍ ጉቶ እንዴት እንደሚጠፋ ሲመክሩ አነበብኩ። ጉቶውን በመሰርሰሪያ መብሳት፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ፣ ከዚያም እሳት መልቀቅ ነው ምክራቸው። ለሰው አስበው እንደ ጻፉ አልጠራጠርም። ነገር ግን ይህን ምክር ሰምቶ የሚሠራ አንድ የጅማ ገበሬ እንኳ ቢኖር መሬቱ ምን እንደሚሆን ስለማውቅ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የማውቀውም እኔው ራሴ አድርጌው ስለ ነበር ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሰርቦ አቅራቢያ፣ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ መሬት አለችኝ። ባሕር ዛፉን የተከለው ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ነው፤ 1984 ዓ.ም. ነበር። እስከ ዛሬ አራት ጊዜ ተቆርጧል። በመጀመሪያው ቆረጣ ቤታችንን ሠራንበት፤ ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ ሁሉ ከዚያው ወጣ። የኋለኞቹ ልጆች ያስተማሩልን ናቸው። ስለዚህ ባሕር ዛፍን አልረግምም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ የስንቱን ጣሪያ እንደ ተሸከመ፣ የስንቱን ምጣድ እንዳሞቀ እናውቃለን። ሆኖም ልጆቼ አድገው ሄደዋል፤ እኔም በቀረኝ ዕድሜ መሬቷን ወደ ቡና ልመልሳት ቆርጫለሁ። ባለቤቴ ባሕር ዛፉን ከመትከሉ በፊት እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ቡና ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ስለ ተቆረጠ አይሞትም። በቅርፊቱ ሥር ያንቀላፉ እምቡጦች አሉት፤ ግንዱ ሲወድቅ እነዚያ ይነቃሉ፤ አንድ የነበረው አምስትና ስድስት ሆኖ ይነሣል። ከየቆረጣው በኋላ ጉቶው ይሰፋል። ዛሬ በእኔ መሬት ላይ አጣናው የክንድ ውፍረት ቢኖረው ነው፤ የቆመበት ጉቶ ግን የእንጀራ ምጣድ ያህላል። ሰው ከላይ ያለውን ቀጭን እንጨት አይቶ «ይህማ የአንድ ቀን ሥራ ነው» ይላል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ነገር ያለው ከመሬት በታች ነው።

አንድ ነገር ቶሎ ብዬ ላስጠንቅቅ፣ ምክንያቱም ስሕተቱን በጎረቤት አይቻለሁ። ጉቶ ሁሉ አንድ አይደለም። ያረጀ ቡና ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዳያቁርበት አግድም ሳይሆን ዘመም ተደርጎ ሲጎነደል የሚቀረው ጉቶ ሕያው ነው፤ እንዲያቆጠቁጥ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ከሚወጡት ቀንበጦች ሁለቱ ሦስቱ ተመርጠው ይያዛሉ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደ ወጣት ቡና ያፈራል። ጎረቤቴ ማሽን ተከራይቶ «ጉቶ አውጣልኝ» ብሎ ወደ ገበያ ሄደ። ሲመለስ የጎነደለው ቡና ሁለት ረድፍ ተነቅሎ ጠበቀው። ኦፕሬተሩን ማን ይወቅሰዋል? ጉቶ አውጣ ተባለ፤ ጉቶ አወጣ። እኔ ከዚያ ወዲህ የሚወጣውን ጉቶ በነጭ ኖራ ምልክት ሳላደርግ ማሽን ወደ ግቢ አላስገባም።

አሁን ወደ እሳቱ ልመለስ። በ2009 ዓ.ም. አንድ ጉቶ አቃጠልኩ። ዘይት አልጨመርኩም፤ ደረቅ እንጨት ብቻ ከመርኩበት። ዘጠኝ ቀን ጨሰ። በላይ የጠፋው እሳት ከታች በሥሩ ውስጥ እየተንፏቀቀ ይሄዳል፤ በአምስተኛው ቀን ከጉቶው ስድስት እርምጃ ርቆ በአጥሩ ሥር ጭስ ብቅ ሲል አየሁ። ውኃ በባልዲ እያመላለስን አጠፋነው። ከሁሉ የቆጨኝ ግን ዋንዛው ነው። በአራት እርምጃ ርቀት ላይ የቆመ ትልቅ ዋንዛ ነበረኝ፤ የወደፊቱ ቡናዬ ጥላ እንዲሆን የተውኩት። በጉቶው በኩል ያለው ጎኑ በዚያው ዓመት ደረቀ። እሳት ያረፈበት አፈርም እንደ ሸክላ ጠጥሮ ቀረ፤ በቀጣዩ ክረምት አረም እንኳ አልበቀለበትም። የተቃጠለ ዘይት ቢጨመርበት ደግሞ ዘይቱ የትም አይሄድም፤ የእኔ ጉድጓድ ውኃ ከዚያ ቦታ ሃያ ሜትር አይርቅም። እሳትን የምደግፈው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። በአድርቅ በሽታ የተመታ የቡና ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው በበቀለበት ቦታ መቃጠል አለበት፤ እየጎተቱ በማሳው ማዞር በሽታውን መዝራት ነው። ያ ሌላ ነገር ነው።

በእጅ መቆፈሩንም ሞክረናል። የሰፈሩ ሰው በደቦ መጣልኝ፤ ዲጂኖ፣ ዶማ፣ መጥረቢያ ይዘው። ሦስት ጠንካራ ሰዎች ሁለት ቀን ሙሉ ደክመው አንድ ጉቶ አወጡ። እኔ ያሉኝ ሃምሳ አራት ጉቶዎች ነበሩ። የሰው ጉልበት እንዲህ ባለ ነገር ላይ ሲያልቅ ማየት ያሳፍራል። ለቡና ለቀማው፣ ለጉድጓድ ቁፋሮው፣ ለኩትኳቶው የሚፈለግ ጉልበት ነው።

እንግዲህ ማሽን። ማሽን ብዬ ሦስት ጊዜ ተከራይቻለሁ፤ ሦስቱም ጊዜ ክንድ ያለው ማሽን ነው የመጣው፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተለያየ። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይም ይኸው ልዩነት ነው።

በመጀመሪያ የመጣው ለመንገድ ሥራ የሚያገለግል ትልቅ ኤክስካቫተር ነው። ሃያ ቶን ይሆናል። በግማሽ ቀን አሥራ አንድ ጉቶ ነቅሎ ሄደ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ምሳ አበላሁት። ደስታዬ እስከ ክረምት ቆየ። የጅማ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ ግን ሀብቱ ያለው ከላይ ባለው ጠቆር ያለ ንብርብር ነው፤ ቅጠል፣ ፍግ፣ ትል፣ የስንት ዘመን ብስባሽ። ያ ትልቅ ባኬት፣ ማለትም የክንዱ አፈር መዛቂያ፣ ጉቶውን ሲያነሣ ከላይ ያለውን ጥቁር ከታች ካለው ቀይ ጋር ደባልቆ አነሣው፤ ሲሞላውም ቀዩን ከላይ አድርጎ ሞላው። ማሽኑ የሚሄድበት ሰንሰለት፣ ቼኑ፣ የረገጠበት ደግሞ እንደ መንገድ ጠቀጠቀ። በዚያ ቦታ ላይ በቆሎ ዘርቼበት ነበር። ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ለሚያየው የቼኑ ሁለት መስመሮች በበቆሎው ቢጫነት ተሥለው ይታያሉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠፉም።

ሁለተኛው ጊዜ ተምሬያለሁ ብዬ ትንሽ ማሽን ጠየቅኩ፤ ሚኒ ኤክስካቫተር የሚሉትን፣ ሦስት ቶን አካባቢ የሚመዝነውን። የጎማ ቼን ያለው ስለሆነ መሬቱን ብዙም አይጎዳም፤ በዋንዛዎቹ መካከልም እንደ ልብ ይገባል ይወጣል። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲታገል ውሎ አራት ጉቶ ብቻ አወጣ። በአምስተኛው ላይ ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ዘይት የሚያልፍበት ቱቦ ፈነዳ፤ ዘይቱም ማሳዬ ላይ ፈሰሰ። አከራዩ «ማሽኑ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ትልቁን ይከራዩ» አለኝ። ይህን ቃል አምኜ ብመለስ ኖሮ ዛሬ መሬቴ በሙሉ ቢጫ ይሆን ነበር።

የማሽኑ ማነስ አልነበረም ምክንያቱ። ሁለት ሌሎች ነገሮች ነበሩ፤ አንዱ የእኔ ጥፋት ነው፤ ሌላው የአከራዩ።

የእኔን ልንገራችሁ። አጣናውን ለነጋዴ ስሸጥ ከሥሩ አስቆርጬ ነበር። ነጋዴው በርዝመት ስለሚሸጥ እያንዳንዷን ስንዝር ይፈልጋታል፤ መሬት ለመሬት አድርጎ ይቆርጣል። ጉቶ የሚወጣው ግን በጉልበት ብቻ አይደለም፤ በእጀታም ነው። አንድ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ተኩል ግንድ ከላይ ቢቀር ማሽኑ ጫፉ ላይ ገፍቶ ሥሩን ያናጋዋል፤ በር በማጠፊያው በኩል ሲገፋና በእጀታው በኩል ሲገፋ ያለው ልዩነት ማለት ነው። መሬት ለመሬት የተቆረጠ ጉቶ የሚገፋበት ነገር የለውም፤ ዙሪያውን ቆፍሮ ከሥር ከመፈልቀቅ በቀር መንገድ የለም። ለአንድ ሜትር አጣና ስል በእያንዳንዱ ጉቶ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል የማሽን ኪራይ ከፈልኩ። ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል።

የአከራዩ ጥፋት ደግሞ ማሽኑን በባኬት ብቻ መላኩ ነው። ባኬት አፈር ለመዛቅ የተሠራ ነው። አራትና አምስት ጥርስ አለው፤ የክንዱ ኃይል በነዚያ ሁሉ ላይ ይከፋፈላል፤ ሥር ሲያገኝ ሥሩ ላይ ይንሸራተታል ወይም ሥሩን እንደ ክራር ጅማት ወጥሮ ይዞ ማሽኑን ራሱን ከመሬት ያነሣዋል። ሪፐር የሚባለው ግን አንድ ጥርስ ብቻ ያለው፣ እንደ ንስር ጥፍር የታጠፈ ወፍራም ብረት ነው። የክንዱ ሙሉ ኃይል በዚያች አንዲት ጫፍ ላይ ያርፋል። ሦስት ቶኑ ማሽን በባኬት ያቃተውን ሥር በሪፐር እንደ ገመድ ይበጥሰዋል። መሬቱንም አይገለብጥም፤ እንደ ማረሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ጥቁሩ አፈር ጥቁር ሆኖ በቦታው ይቀራል።

ይህን ያስተማረኝ በሦስተኛው ጊዜ የተከራየሁት፣ እንደ ሁለተኛው ያለ ትንሽ ማሽን ኦፕሬተር የሆነው ልጅ ነው። ዕድሜው ከሃያ አምስት አይበልጥም። «እማማ፣ መጀመሪያ መሬቱን ልየው» ብሎ ያለ ማሽኑ በእግሩ መጣ። ጉቶዎቹን አንድ በአንድ ዞረ፤ የውኃ ቧንቧው የት እንደሚያልፍ ጠየቀኝ፤ ዝናብ መች እንደ ጣለ ጠየቀኝ። ከመሬቱ አንድ ጭብጥ አፈር አንሥቶ ጨመቀ። ጭብጡ ሲፈታ አፈሩ ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ መዳፍን ግን ካላቦካ፣ ያን ጊዜ ነው ጉቶ የሚወጣው አለ። በጥርና በየካቲት ድርቅ አፈሩ ሥሩን እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል፤ በሐምሌ ደግሞ ማሽኑ ይሰምጣል፣ መሬቱም ይጠቀጠቃል። የመጀመሪያዎቹ የበልግ ዝናቦች ከጣሉ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ያለው ጊዜ ነው ደጉ። እኔ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሴት ይህን በተማሪዬ ዕድሜ ካለ ልጅ ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሪፐሩን ያሠራው እዚሁ ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ ብየዳ ቤት ነው። የመጀመሪያው ከተራ ላሜራ ተሠርቶ በሁለተኛው ቀን ተጣመመበት። ሁለተኛውን ከአሮጌ የግሬደር ጥርስ አስቀጠለው፤ ከክንዱ ጋር የሚያያዝበትን የፒን ቀዳዳ በሚሊ ሜትር አስለክቶ። ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ብረቱ እየተንገጫገጨ በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ቀለበት፣ ቡሽ የሚሉትን፣ ይበላዋል፤ ርካሽ የመሰለው መሣሪያ የማሽኑን ክንድ ያስከፍላል ብሎ አስረዳኝ። ከባኬቱ ፊት ለፊት ደግሞ አውራ ጣት የሚሉትን መያዣ አስገጥሟል። ያለ እርሱ የተነቀለው ጉቶ ከባኬቱ ላይ እየተንከባለለ ይወድቃል፤ በእርሱ ግን እንደ ሰው እጅ ጨብጦ ያነሣል፤ አየር ላይ አራግፎም አፈሩን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይመልሳል። ከጉቶ ጋር ከማሳ የሚወጣው ምርጥ አፈር ስንት እንደሆነ ያየሁት ይህ ሲራገፍ ነው።

አሠራሩን እንዳየሁት ልጻፈው፤ ለሌላ ኦፕሬተር ይጠቅም ይሆናል። ማሽኑን ደልዳላ ቦታ ላይ አቆመ፤ ከፊት ያለውን ብሌድ፣ የአፈር መግፊያውን ብረት፣ መሬት አስነክሶ። ከጉቶው ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ሪፐሩን ወደ መሬት ሰክቶ ወደ ራሱ ጎተተ፤ ከዚያም ቦታ እየቀየረ በሦስት ጎን ሰነጠቀ። ዛፍ የሚይዘው በአብዛኛው በላይኛው አፈር ውስጥ በተዘረጉት የጎን ሥሮች ነው፤ እነሱ ሲበጠሱ «ቷ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እኔ ቆጥሬ በአንዱ ጉቶ ላይ አሥራ ሰባት ደርሻለሁ። ከዚያ የቀረውን ግንድ ከጫፉ አካባቢ ከራሱ ወደ ውጭ ገፋው። ወደ ራሱ አልጎተተውም፤ ግንዱ ድንገት ቢለቅ ወደ ኦፕሬተሩ ክፍል ይመጣልና። ጉቶው ዘመም ሲል በተከፈተው ጎን ሪፐሩን ከሥር አስገብቶ ወደ ታች የሚወርዱትን ሥሮች በጠሰ። በመጨረሻ ሪፐሩን በባኬት ቀይሮ በአውራ ጣቱ ጨብጦ አነሣ። በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ጉቶ ወጣ። ያ ትንሽ ነው የተባለው ማሽን።

አንድም ጊዜ ግን ክንዱን ወደ ጎን እያወዛወዘ ሥር ሊሰብር አልሞከረም። ሁለተኛው ኦፕሬተር ያን ሲያደርግ ነበር የዋለው። ክንዱ የተሠራው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለመሳብ ነው፤ የጎን ግፊት ፒኑንና ማዞሪያውን ይጎዳል።

ስለ አደጋውም ሳልጽፍ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ከነአፈሩ ያለ የባሕር ዛፍ ጉቶ ስንት መቶ ኪሎ ይመዝናል። ትንሽ ማሽን ይህን ሸክም ክንዱን አጥፎ ወደ ራሱ አስጠግቶ ሊሸከም ይችላል፤ ክንዱን ዘርግቶ ወደ ቁልቁለቱ ቢዞር ግን ይገለበጣል። የእኛ አገር ማሳ ደግሞ ሜዳ አይደለም። የተወጠረ ሥር ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመለሳል። ማሽን ሲመጣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ለማየት ይሰበሰባል፤ እኔ በገመድ ከልዬ አሥራ አምስት እርምጃ ማራቅ ነበረብኝ፤ ዳቦ እየቆረስኩም ቢሆን እዚያው ገመድ ሥር አስቀመጥኳቸው።

ጉቶ መፍጫ የሚባልም መሣሪያ አለ። በክንዱ ጫፍ የሚገጠም፣ ጥርሳም ጎማ የመሰለ፣ በማሽኑ ዘይት ኃይል እየተሽከረከረ ጉቶውን ወደ ፍርፋሪ የሚለውጥ። ለቤት ግቢ፣ በግንብ አጠገብ ላለ ጉቶ፣ መሬቱን መቆፈር ለማይቻልበት ቦታ ጥሩ ነው። ለቡና ማሳ ግን አይሆንም። ከላይ ሃያና ሠላሳ ሳንቲ ሜትሩን ይፈጫል፤ ሥሩ ከታች ይቀራል። የቡና ጉድጓድ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ችግኙ ሥሩን የሚሰድደው ወደዚያው ነው። የሞተ የዛፍ ሥር በቀረበት አፈር ላይ ሥር አበስባሽ ሻጋታ ይራባል፤ ምስጥም ይሰበሰባል። ፍርፋሪው ከአፈሩ ጋር ከተደባለቀ ደግሞ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ለራሱ ይስባል፤ ችግኙም ይገረጣል። መፍጫ የሚከራይ ሰው ካለ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ መፍጫው በደቂቃ ስንት ሊትር የዘይት ፍሰት ይፈልጋል፤ ማሽኑስ ስንት ይሰጣል? ሦስት ቶን አካባቢ ያሉት ብዙዎቹ ከ40 እስከ 60 ሊትር ነው የሚሰጡት። ካልተመጣጠነ ጎማው እንጨት በነካ ቁጥር ይቆማል፤ ዘይቱም ይግላል።

ጉድጓዱን ስለ መሙላት። ከትልቁ ማሽን የተማርኩትን አልረሳሁም፤ ልጁን ጥቁሩን አፈር በስተቀኝ፣ ቀዩን በስተግራ እንዲከምር አዘዝኩት፤ ቀዩ አስቀድሞ ገባ፣ ጥቁሩ ከላይ ሆነ። ከዙሪያው አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን ሞላነው፤ ክረምቱ ሲያልፍ ከመሬቱ እኩል ሆነ። ቡና የተከልኩት በዓመቱ ነው። ጅማ አጠገብ መልኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቡና ዝርያዎች አንዱን፣ 74110 የሚባለውን፣ በሰኔ አጋማሽ ተከልኩ። ጉቶዎቹም አልተጣሉም፤ ደርቀው ሁለት ዓመት ሙሉ ማገዶ ሆኑኝ።

አሁን የምለምነውን ልለምን።

የአጣና ነጋዴዎች ሆይ፤ ባለመሬቱ መሬቱን ወደ ሌላ ሰብል ሊመልስ መሆኑን ጠይቁ። ከሆነ አንድ ሜትር ተኩሉን ተዉለት፤ በዋጋው ተነጋገሩ። እኔ በአራተኛው ቆረጣ ያንን ሜትር ተኩል ለነጋዴው ከፍዬ አስቀርቻለሁ፤ አልቆጨኝም። ከአንድ ጉቶ ብዙ አጣና የወጣ ከሆነ ደግሞ ወፍራሙን አንዱን መተው ይበቃል።

ማሽን የምታከራዩ ወገኖች፤ ሪፐርና አውራ ጣት ሳትይዙ ለጉቶ ሥራ አትምጡ። ባኬት ብቻ ይዞ መጥቶ በሰዓት ማስከፈል ገበሬውን ማጉላላት ነው። ከአንድ ማሳ ወደ ሌላ ስትሄዱም ጥርሱንና ቼኑን እጠቡ። ትናንት አድርቅ ያለበት ቡና መካከል የቆፈረ ጥርስ ዛሬ የእኔ ማሳ ውስጥ ሲገባ በሽታውን ይዞልኝ ይመጣል። በሽታ እንዳያዛምት ለመቁረጫችን የምናደርገውን ጥንቃቄ ለማሽኑ የምንነፍግበት ምክንያት የለም።

የቡና ማኅበራት ደግሞ ማሽን መግዛት ባይችሉ እንኳ ሪፐር በጋራ አሠርተው ማስቀመጥ ይችላሉ። ከኦፕሬተሩ እንደ ሰማሁት የየማሽኑ ፒን መጠን ይለያያል፤ ስለዚህ በየአካባቢው የሚዞረው ማሽን የትኛው እንደሆነ አይቶ ማሠራት ነው። ባለሙያዎችም ስለ ባሕር ዛፍ ሲያስተምሩ ስለ አተካከሉ ብቻ ሳይሆን ስለ አወጣጡም ቢያስተምሩ ብዙ ገበሬ ከእሳትና ከዘይት ይድናል።

ደብዳቤዬን ከመስቀል በፊት እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ነጋዴዎች መዞር ይጀምራሉና፤ መጋዝ ከተነሣ በኋላ ምክር አይረዳም።

በእኔ መሬት ላይ ሰባት ጉቶ ቀርቷል፤ በወንዙ ዳር ያሉት። ሁሉም ሜትር ተኩል ግንዳቸውን ይዘው፣ ኖራ ተቀብተው ቆመዋል። በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አፈሩ በጭብጥ ሲያዝ ልጁ ይመጣል። አሠራሩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ገበሬም ሆነ ኦፕሬተር ሰርቦ ደርሶ ጡረተኛዋን መምህርት ብሎ ቢጠይቅ ያደርሱታል፤ ቡና ተፈልቶ ይጠብቀዋል።

አክባሪያችሁ፤
ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህርት፣ ከጅማ